አንድ ፋይል መስሎኝ ነበር

ታኅሣሥ 2015፣ ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ የ43 ሰርግ ትዕዛዝ በአንድ ጠቅታ አጠፋሁ። ቫይረስ አልገባም። መብራት አልሄደም። ኮምፒውተሩም ደህና ነበር። እኔ ያደረግኩት አሮጌውን አፕ በአዲስ መተካት ብቻ ነው።

ታሪኩን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው። ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ ቀጥታ ይመለከታችኋል። ባትጽፉም፣ ማክ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ «እስቲ ይሄን አፕ ጫንልን» የሚባለው ሰው እናንተ ከሆናችሁ፣ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለ። ዋና ሥራቸው የሰርግ መጥሪያ ካርድ ነው። ባለቤቱ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሦስት ያገለገሉ አይማኮች አሏቸው። ትዕዛዝ የምትቀበለው ልጅ ሁሉንም በደብተር ትጽፍ ነበር፦ የሙሽሮቹን ስም፣ ቀኑን፣ አዳራሹን፣ የካርዱን ብዛት፣ ቀብዱን። ዲዛይነሮቹ ደግሞ ከደብተሩ እያዩ እንደገና ይተይባሉ። በዚህ መሀል ስም ይሳሳታል፣ ቀን ይሳሳታል። በቀደመው ዓመት «ቅዳሜ ጥር 15» ብለው ያተሙት ካርድ፣ ቀኑ እሑድ ሆኖ ተገኝቶ ሙሉው ተጥሏል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ሥራልን» አሉኝ። ትዕዛዝ የሚመዘግብ፣ የኢትዮጵያን ቀን አስልቶ ዕለቱን ራሱ የሚጽፍ፣ የካርዱን ጽሑፍ አደራጅቶ የሚያወጣ አፕ። ከባድ ሥራ አልነበረም። ኪዩቲ በሚባለው መሣሪያ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ጨረስኩት።

ችግሩ እኔ ዊንዶውስ ላይ ያደግኩ ሰው መሆኔ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራም ሲጫን ይበተናል። ዋናው ነገር ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ይገባል፣ ዲኤልኤሎቹ (ፕሮግራሙ የሚጠራቸው አጋዥ ፋይሎች) ከጎኑ ወይም ከሲስተሙ ፎልደር፣ ቅንብሩ ሬጂስትሪ በሚባለው የሲስተሙ መዝገብ ውስጥ። ማጥፋት ስትፈልጉ እንኳ የሚያጠፋ ሌላ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። ማክ ላይ ግን አንዲት አይኮን ብቻ ናት። ትጎትቷታላችሁ፣ አፕሊኬሽንስ ውስጥ ትጥሏታላችሁ፣ አለቀ። እኔም ነገሩን ሳላጣራ «ማክ ላይ አፕ ማለት አንድ ፋይል ነው» ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ስህተት ሁሉ ከዚህች ግምት የመጣ ነው።

የመጀመሪያውን ሥሪት ፍላሽ ላይ አድርጌ በሰው ላክሁ። ያኔ ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ የነበረው የሒሳብ ላፕቶፕ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ። ፍላሹን እዚያ ሰክታ ለዲዛይነሮቹ በቴሌግራም ልትልክላቸው አሰበች። ትንሽ ቆይታ ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ ፍላሹ ላይ አፕ የለም። ፎልደር ነው ያለው።»

«ፎልደር አይደለም። አፕ ነው።»

«ስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብ አፕ ይላል። ግን ፎልደር ነው። ስከፍተው ኮንቴንትስ የሚል አለ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ብዙ ፎልደር።»

ሳቅሁባት። «በቃ ላኪላቸው» አልኳት። እሷም ስትፈትሽ ማክኦኤስ በሚለው ፎልደር ውስጥ የአፑ ስም ያለበት አንድ ፋይል አገኘች። «ይሄ ነው» ብላ እሱን ብቻ ለይታ ላከችው። ዲዛይነሩ ሲከፍተው የማይነበብ ምልክት በገጽ ሙሉ ተዘረገፈበት።

ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዤ አምባሳደር ወረድኩና በእግሬ ሄድኩ። እስክደርስ ድረስ ልጅቷ የሆነ ነገር አበላሽታለች ብዬ ነው የማስበው። እሷ ግን ትክክል ነበረች። እኔ ያን ሁሉ ቀን ስሠራበት ያላየሁትን በአንድ ደቂቃ አይታዋለች።

እናንተም አሁኑኑ ሞክሩት። ማክ ካላችሁ አፕሊኬሽንስ ውስጥ የፈለጋችሁትን አፕ ምረጡ። ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ጠቅ አድርጉት። «ሾው ፓኬጅ ኮንተንትስ» የሚል ይመጣል። ክፈቱት። ማየቱ ምንም አይጎዳም፤ የሚጎዳው መነካካቱ ነው። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

አገልግል አስቡ። ከውጭ አንድ ዕቃ ነው። ክዳኑ ተገጥሞ በጠፍር ይታሰራል፣ በማንገቻው ተይዞ ይኬዳል። መንገድ ላይ የሚያያችሁ ሰው «አገልግል ያዘ» ነው የሚለው፤ «እንጀራ፣ ወጥ፣ ዓይብና እንቁላል ያዘ» አይልም። የማክ አፕም እንዲሁ ነው። ፋይንደር (ማክ ላይ ፋይሎችን የሚያሳየው መስኮት) ስሙ በነጥብ አፕ የሚያልቅ ፎልደር ሲያይ ክዳኑን ገጥሞ እንደ አንድ ዕቃ ያሳያችኋል። ዊንዶውስ ይህን ስምምነት አያውቅም። ስለዚህ ያለውን እንዳለ ያሳያል።

ውስጡ ምን አለ? ኮንቴንትስ በሚለው ፎልደር ውስጥ መጀመሪያ ኢንፎ ነጥብ ፒሊስት የሚባል ፋይል አለ። ይህ የአፑ መታወቂያ ነው። ስሙ፣ የሥሪት ቁጥሩ፣ አይኮኑ የቱ እንደሆነ፣ ሲከፈት የትኛው ፋይል እንደሚነሳ፣ ቢያንስ የትኛው የማክ ሥሪት ላይ እንደሚሠራ እዚያ ተጽፏል። ማክኦኤስ በሚለው ውስጥ የሚነሳው ፋይል ራሱ አለ፤ ልጅቷ ለይታ የላከችው እሱን ነው። ፍሬምወርክስ ውስጥ አፑ የሚደገፍባቸው ላይብረሪዎች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የመጡ የኮድ ክምችቶች፣ አሉ። ሪሶርስስ ውስጥ ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ ትርጉሙ አለ። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ፎልደር አለው፤ የአማርኛው ስም ኤኤም ብሎ ይጀምራል። በየአፑ እየገባሁ እሱን የመፈለግ አመል አለብኝ፤ ብዙ ጊዜ አላገኘውም። በመጨረሻ ኮድ ሲግኔቸር የሚባል ፎልደር አለ። እሱ ማኅተሙ ነው።

ሐሳቡ ከኔክስት የመጣ ነው። ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ1985 ከአፕል ወጥቶ ያቋቋመው ኩባንያ ነው። ኔክስትስቴፕ በሚባለው ሲስተማቸው አፖች እንዲህ በፎልደር ታሽገው ነበር የሚቀመጡት። አፕል እ.ኤ.አ. በ1997 ኔክስትን ሲገዛ ሐሳቡም አብሮ መጣ፤ በ2001 የወጣው ማክ ኦኤስ ኤክስ በእሱ ላይ ተገነባ። አሁን አይኮን ስትጎትቱ የምትጎትቱት ያንን የቆየ ፎልደር ነው።

ያን ቀን ጋሼ ከአይማኮቹ አንዱን ወደ ልጅቷ ጠረጴዛ አስመጡ። እኔም «ገባኝ» ብዬ ተመለስኩ። አልገባኝም ነበር።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ያጋጠሙኝን አንዳንዶቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የእኔ ማክ ቺፑ ኤም1 ነው፤ የእነሱ ኢንቴል። አፑ ለእኔ ቺፕ ብቻ ስለተሠራ እነሱ ጋ «ይህ ማክ አይደግፈውም» አለ። ለሁለቱም ቺፕ የሚሆን አድርጌ እንደገና ሠራሁት። ቀጥሎ ተነሳና ወዲያው ወደቀ። ላይብረሪዎቹን የሚፈልጋቸው ከእኔ ኮምፒውተር፣ ከእኔ ስም ፎልደር ውስጥ ነበር። አገልግሉን ልኬ ወጡን ቤቴ ትቼዋለሁ ማለት ነው። ኪዩቲ ላይብረሪዎቹን ሰብስቦ ፍሬምወርክስ ውስጥ የሚከት መሣሪያ አለው፣ ማክዲፕሎይኪውቲ ይባላል። እሱ ፈታው። በሌላ መሣሪያ የምትሠሩም ብትሆኑ፣ ኦቱል የሚባለው የተርሚናል ትዕዛዝ አፑ የትኞቹን ላይብረሪዎች ከየት እንደሚጠራ ይዘረዝርላችኋል። ዝርዝሩ ውስጥ የራሳችሁን ስም ካያችሁ ገና አልጨረሳችሁም።

ፊደሉም ነበር። እኔ ጋ የሚያምረው የካርድ ጽሑፍ እነሱ ጋ ሲከፈት መልኩ ተቀየረ። የተጠቀምኩት የግዕዝ ፎንት እኔ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ነው፤ እነሱ ጋ ስለሌለ ማክ የራሱን ከፋ የሚባለውን ፎንት ተካበት። ከፋ መጥፎ ፎንት አይደለም። ለሰርግ ካርድ ግን አይሆንም። መፍትሔው ፎንቱን ሪሶርስስ ውስጥ መክተትና አፑ ከዚያ እንዲያነበው ማድረግ ነው። ለአማርኛ ተጠቃሚ የምትሠሩ ሁሉ ይህን አትዝለሉ። ፎንቱ እንዲሰራጭ ፈቃድ ያለው መሆኑንም እዩ።

ከዚያ ሎጎው መጣ። ጋሼ በስተመጨረሻ «የድሮው አርማችን ይሁን» አሉ። አፑን እንደገና ከመሥራት ሥዕሉን ብቻ ልቀይር ብዬ ፓኬጁን ከፈትኩ፣ አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን በዚያው ስም አስገባሁ። እኔ ጋ ተከፈተ። ዚፕ አድርጌ ጉግል ድራይቭ ላይ ጫንኩትና ሊንኩን ላክሁ። እነሱ ጋ ሲከፈት፦ «ተበላሽቷል፣ ሊከፈት አይችልም። ወደ ቆሻሻ መጣያ ውሰደው።»

ይህ መልእክት ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ፋይሉ ሲወርድ የተቆረጠ ይመስላል። እኔም ሦስት ጊዜ መልሼ ጫንኩት፤ ዳታዬን ጨረስኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያ የማኅተም ፎልደር ውስጥ የእያንዳንዱ ፋይል የጣት አሻራ ተመዝግቧል። አንድ ሥዕል ስትቀይሩ አሻራው አይገጥምም፣ ማኅተሙ ይሰበራል። እኔ ጋ ለምን ተከፈተ? ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ ብራውዘሩ «ከውጭ የመጣ ነው» የሚል ምልክት ስለሚለጥፍበት ነው። ማክ ማኅተሙን አጥብቆ የሚመረምረው ያ ምልክት ያለበትን ነው። እኔ ኮምፒውተር ላይ የተሠራው ምልክቱ የለበትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ምንም ብትቀይሩ፣ ሥዕልም ቢሆን፣ ከቀየራችሁ በኋላ እንደገና ፈርሙ። ኮድሳይን የሚባለው ትዕዛዝ ይፈርማል፣ ማኅተሙ ደህና መሆኑንም ያረጋግጣል። ሁለተኛ፣ «እኔ ጋ ይሠራል» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ራሳችሁ እንደ ደንበኛ በብራውዘር አውርዳችሁ ከሌላ ማክ ላይ ክፈቱት።

ዚፑንም ማክ ላይ፣ በፋይንደር «ኮምፕረስ» ብላችሁ ሥሩት። መሀል ላይ ዊንዶውስ ያለው ሰው ከፍቶ መልሶ እንዲያሽገው አትፍቀዱ። ፍሬምወርኮቹ ውስጥ ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁሙ አቋራጮች አሉ፣ የሚነሳው ፋይልም «መነሳት ይፈቀድለታል» የሚል ምልክት አለው። በዊንዶውስ በኩል ዞሮ የመጣ አፕ ሁለቱንም ጥሎ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ልጅቷ አዲሱን አፕ አወረደች። ቀኝ ጠቅ አድርጋ «ኦፕን» ብላ፣ የማይታወቅ ሠሪ ነው የሚለውን ማስጠንቀቂያ አልፋ ከፈተችው። ሁለት ትዕዛዝ መዘገበች። ዘጋችው። መልሳ ስትከፍተው ሁለቱም የሉም። ደወለች። ሄድኩ። አፑ ዳውንሎድስ ውስጥ እንደተቀመጠ አየሁ። «አፕ ቦታው አፕሊኬሽንስ ውስጥ ነው» ብዬ ጎትቼ አዛወርኩት። ሠራ። ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ።

ለምን እንደሠራ አልጠየቅኩም። ይህ ነው የሚቆጨኝ። ሌላው ስህተቴ ባለማወቅ ነው፤ ይሄኛው በስንፍና።

በኋላ ያወቅኩት ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው ሲየራ ከሚባለው የማክ ሥሪት ጀምሮ፣ ከኢንተርኔት የወረደ አፕ በፋይንደር ወደ ሌላ ቦታ ሳይዛወር ከወረደበት ሲከፈት፣ ማክ ከተደበቀ፣ ለማንበብ ብቻ ከሚፈቀድ ቦታ ያስነሳዋል። የእኔ አፕ ደግሞ ትዕዛዞቹን የሚጽፈው የት ነበር መሰላችሁ? ራሱ ውስጥ። ሪሶርስስ ውስጥ ባዶ ዳታቤዝ (ትዕዛዞቹ የሚመዘገቡበት ፋይል) አስቀምጬ እዚያው ላይ እንዲመዘግብ አድርጌው ነበር። ዊንዶውስ ላይ ለዓመታት እንደዚያ ነው የሠራሁት፤ ዳታቤዙ ከፕሮግራሙ አጠገብ። ጽሑፉ ሲከለከልም አፑ ምንም አይናገርም፤ ስህተት ቢፈጠር ለተጠቃሚው የሚነግር መስመር አልጻፍኩም። ሲስተሙ «እዚህ ውስጥ አትጻፍ» እያለ ነግሮኛል። እኔ አፑን ወደሚጻፍበት ቦታ ወስጄ አፉን አዘጋሁት።

በዚያው ሳምንት ልጅቷን «ደብተሩን ተዪው፣ አሁን አፑ አለ» አልኳት። እንቢ ብላ ነበር። ለመንኳት።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 25 አዲስ ሥሪት ይዤ ሄድኩ። ሁለተኛ ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ጨምሬበት ነው፤ ያን ያህል አስቸኳይ ነገር እንኳ አልነበረም። ማተሚያ ቤቱ ተጨናንቋል። ጾሙ ሊፈታ ነው፣ ጥር ሊገባ ነው፣ ሙሽራ ሁሉ ካርዱን ይጠብቃል። አዲሱን አፕ አፕሊኬሽንስ ላይ ጣልኩት። ማክ ጠየቀኝ፦ ሁለቱንም ላቆይ? ላቁም? ልተካ? «ተካ» አልኩ። ከፈትኩት።

ዝርዝሩ ባዶ ነው።

ልጅቷ በትከሻዬ በኩል እያየች ነበር። «ትዕዛዞቹስ?» አለች።

ለጥቂት ሰከንድ ምንም አልታየኝም። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ታየኝ። አፑ ፎልደር ነው። ስተካው ፎልደሩ በሙሉ ከነውስጡ ተተካ። አዲሱ የራሱን ባዶ ዳታቤዝ ይዞ መጣ። የቤት ካርታችሁን አገልግል ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ ሰውየው አሮጌውን ወስዶ አዲስ አገልግል ሰጣችሁ እንደ ማለት ነው። አዲሱ አገልግል ምንም አልጎደለበትም።

ቆሻሻ መጣያውን ከፈትኩ። የለም። የተተካ ነገር እዚያ አይገባም። መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ ዲስክም አልነበራቸውም፤ እኔም ግዙ አላልኳቸውም። የጠፋ ፋይል ያወጣል የተባለ ፕሮግራም እስከ ማታ ሞከርኩ። አልሆነም።

ጋሼ አልጮሁብኝም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ልጄ፣ ሰው ሰርጉን አያራዝምልህም» አሉ።

ሁለት ሌሊት አላደርንም ማለት ይቻላል። ልጅቷ የቀብድ ደረሰኝ ቅሪቶችን አወጣች፤ ስምና ስልክ አለባቸው። ዲዛይነሮቹ ለደንበኛ የላኩትን ናሙና ከቴሌግራም እየፈለጉ አወጡ። ዲዛይናቸው የተጀመሩትን ከዚያ አገኘናቸው። ያልተጀመሩትን እኔ ደወልኩ። «ከማተሚያ ቤት ነው፣ ለማረጋገጥ ያህል የሙሽራዋን ስም አንድ ጊዜ ይንገሩኝ» እያልኩ። አንዲት እናት «ስንት ጊዜ ነው የምታረጋግጡት?» ብለው ቆጡኝ። እውነታቸውን ነው።

42 አገኘን። ሁሉም ያለ መስሎን ተነፈስን። ጥር 3 ቀን አንድ ወጣት መጣና «የእህቴን ካርድ ልወስድ» አለ። የጋሼ ዘመድ ስለሆኑ ቀብድ አልከፈሉም፤ ደረሰኝ የለም። ናሙናም ገና አልተላከላቸውም። 43ኛዋ እሷ ነበረች። ያን ሌሊት አተምንላት። ካርዱ በጠዋት ሲወጣ ወረቀቱ ገና ይሞቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ አፑን ከሥሩ ቀየርኩት። ሕጉ ከባድ አይደለም። ማክ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ላይብረሪ የሚባል ፎልደር አለው (ከላይ ካልኳቸው ላይብረሪዎች ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው)፤ በውስጡ አፕሊኬሽን ሰፖርት የሚባል ቦታ አለ። የሥራ ውሂብ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ቅንብር ደግሞ እዚያው ላይብረሪ ውስጥ ፕሪፈረንስስ በሚለው፣ በአፑ መለያ ስም ይቀመጣል። ኪዩቲም ሆነ ሌሎቹ መሣሪያዎች ትክክለኛውን ቦታ ራሳቸው የሚነግሯችሁ ትእዛዝ አላቸው፤ በእጃችሁ አትጻፉት። አሁን የእኔ አፕ ሲነሳ እዚያ ዳታቤዝ መኖሩን ያያል። ከሌለ ባዶውን ከራሱ ውስጥ ገልብጦ ይጀምራል። ካለ ያለውን አይነካም። ሲዘጋ ደግሞ የቀኑን ቅጂ ውጭ በተሰካ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። መጻፍ ከተከለከለም በቀይ ይናገራል።

የላይብረሪው ፎልደር የተደበቀ ነው። ፋይንደር ላይ «ጎ» የሚለውን ሜኑ ከፍታችሁ ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ብቅ ይላል። ይህን ማወቅ ለተራ ተጠቃሚም ይጠቅማል። አፕ ወደ ቆሻሻ መጣያ ስትጥሉ እዚያ ያለው ውሂብ አብሮ አይጠፋም። ዲስክ ሞልቶባችሁ ግራ የሚገባችሁ አንዳንዴ በዚህ ነው። ኮምፒውተር ስትቀይሩም አፑን ብቻ መገልበጥ ሥራችሁን አይገለብጥም።

ለፕሮግራም ጸሐፊዎች አንድ ፈተና ልተውላችሁ። አዲስ ሥሪት ከማድረሳችሁ በፊት አሮጌውን ጫኑ። እውነተኛ የሚመስል ሥራ ሥሩበት። ከዚያ በአዲሱ ተኩት። ሥራው ካለ ላኩ። እኔ አዲሱን ብቻ ነበር የምፈትነው፤ አዲሱ ሁልጊዜ ይሠራ ነበር።

በነገራችን ላይ ይህ የአፕ ብቻ ነገር አይደለም። ማክ ላይ የፎቶስ ቤተ መጻሕፍትም አንድ ፋይል የሚመስል ፎልደር ነው። የሰርግ ፎቶ የምታነሱ ጓደኞቼ፣ ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ ውስጡ ገብታችሁ ፎቶ በእጅ አትሰርዙ፤ ከፎቶስ ራሱ ሰርዙ። ሊኑክስ ላይ ደግሞ አፕኢሜጅ የሚባለው እውነትም አንድ ፋይል ነው። ሲነሳ ራሱን እንደ ዲስክ ይከፍታል፣ ለማንበብ ብቻ። እዚያ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ የእኔ ዳታቤዝ በመጀመሪያው ቀን እንቢ ይለኝ ነበር።

ያልፈታሁት አንድ ነገር ማኅተሙ ነው። አፕል ሙሉ እምነት የሚሰጠው በተመዘገበ ሠሪ ለተፈረመና እሱ ራሱ መርምሮ ላለፈው አፕ ነው። ምዝገባው በዓመት 99 ዶላር ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ ያንን በውጭ ምንዛሪ መክፈል ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ለጊዜው ትቼዋለሁ። በእኔ አፕ ላይ ማስጠንቀቂያው እስካሁን ይመጣል። ድሮ በቀኝ ጠቅታ ይታለፍ ነበር፤ ሴኮያ ከሚባለው የማክ ሥሪት ወዲህ ግን ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ፣ ፕራይቬሲና ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥ ገብቶ «ኦፕን ኤኒዌይ» ማለት ያስፈልጋል። ይህን የምታደርጉት ሠሪውን የምታውቁት ከሆነ ብቻ ነው።

2017 ላይ ጋሼ ለልጅቷ አዲስ ማክ ገዙላት። እኔ ሳልሰማ አፑን ራሷ በኤርድሮፕ አሻግራዋለች። ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«ሴቲንግስ ገብቼ ፈቅጄለት ተከፍቷል» አለች። «ዝርዝሩ ግን ባዶ ነው።»

ልቤ ዘለለ። «ምንም አትንኪ! ትዕዛዞቹ እኮ ያሉት አሮጌው ላይ፣ ላይብረሪ...»

«አውቃለሁ ወንድሜ። እሱን እየገለበጥኩ ነው። የደወልኩት ደብተሬን የት እንዳስቀመጥክብኝ ልጠይቅህ ነው።»